ሁለቴ ብቻ የሚጠራ

ታዴዎስ ከሜልበርን ዳርቻ፣ ከሆፐርስ ክሮሲንግ ተነስቶ እስከ አደሌድ በሳይክል ሊሄድ ነው የሚለው ወሬ የተሰማ እለት፣ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ የቆመው ሰው ሁሉ የየራሱን ፍርሃት አምጥቶ ጫነበት። አንዱ እባብ አለ። ሌላው፣ ጭነት መኪና ሲያልፍ ነፋሱ ብቻ ስቦ ጎማው ስር ይከትሃል አለው። እትዬ አጸደ ደግሞ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ጠጋ አሉና፣ "ለመሆኑ መንገዱ ላይ ሽንት ቤት አለ?" ብለው ሲጠይቁ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

"ሳቁ፣ ሳቁ" አሉ እትዬ አጸደ። "እባቡ ይቅር ይላል። ሆድ ግን ይቅር አይልም።"

ባለቤቱ ሙሉወርቅ አልሳቀችም። ቤት እንደገቡ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጀመረችው።

"ሃምሳ አራት ዓመትህ ነው። ደረጃ ስትወጣ ጉልበትህ ሲንቋቋ ከማድቤት ይሰማኛል። ጎማው ቢፈነዳስ? ስልኩ አልሠራ ቢልስ? ድንኳን ውስጥ ተኝተህ ሰካራም ቢመጣብህስ?"

"ዋቅጋሪ አብሮኝ አለ።"

"ዋቅጋሪማ ሳይክሉን ያገባ ሰው ነው። ምን ይጨነቃል?"

ዋቅጋሪ ሰንሻይን ዌስት የሚኖር የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ዕድሜው አርባ አልሞላም። ሲድኒ ድረስ ሁለት ጊዜ በሳይክል ደርሶ የተመለሰ፣ ወሬውና ፔዳሉ እኩል የማያቋርጥ ሰው ነው። የሙሉወርቅን ጭንቀት ሲሰማ አልሳቀም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥቶ ታዴዎስ ፊት አስቀመጠ።

"ጋሼ ታዴ፣ የምትፈራውን ሁሉ ጻፍ። አንድም እንዳታስቀር። አንድ በአንድ መልስ እንሰጠዋለን።"

ታዴዎስ ጻፈ። ለጎማው መለጠፊያ፣ ለውሃ ጥሙ ለየሰው አራት አራት ጠርሙስ፣ ለጭነት መኪናው ብርቱካንማ ሰደርያና መሪው ላይ የምትታሰር ትንሽ መስታወት፣ ለውሻ ከሳይክል ወርዶ መቆም፣ ለጉልበቱ ቀስ ማለት። አሥራ አንድ ፍርሃት ጽፎ ለአሥራ አንዱም መልስ ተገኘ። አሥራ ሁለተኛውን ግን አልጻፈውም።

አሥራ ሁለተኛው ይህ ነበር። በሃያ ዓመቱ፣ ታናሽ ወንድሙን መክብብን አስከትሎ፣ ከሞያሌ ወዲያ ያለውን ጠፍ ሜዳ በእግሩ ሲያቋርጥ፣ ልክ ቀትር ላይ ከኋላው ተጠራ። "ወንድማለም!" መክብብ አፍ ከፈታ ጀምሮ የሚጠራው እንዲህ ነው። ታዴዎስ አቤት ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ያሳደጉት ወንድ አያቱ ደብተራ ነበሩ፤ ሁልጊዜ የሚሉት ነገር ትዝ አለው። "ቀትር ላይ፣ ጭው ባለ ቦታ፣ ስምህን የጠራህን ሦስት ጊዜ ሳይጠራህ አቤት እንዳትል። የቀትር ጋኔን ሁለቴ ብቻ ነው የሚጠራ። ሦስተኛውን አይደፍርም፤ የሥላሴ ነውና።" ድምፁ ቀጠን ብሎ ደገመ። "ወንድማለም!" ታዴዎስ ሦስተኛውን እየጠበቀ ሄደ። ሃያ እርምጃ። መቶ እርምጃ። ሦስተኛው አልመጣም። በመጨረሻ ዞር ሲል ሜዳው ባዶ ነበር። እስኪመሽ ፈልጎ አላገኘውም። መክብብ ሦስተኛውን የሚጠራበት ምራቅ እንኳ አልቀረውም ነበር፤ የውሃዋ ጀሪካን ያለችው ታዴዎስ ጀርባ ላይ ነው።

ይህንን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ለንስሐ አባቱ እንኳ "ወንድሜ መንገድ ላይ ቀረ" ብሎ ነው ያለፈው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ቀትርን ሸሸ፤ እዚህ አገር ከመጣም በመጋዘን የሌሊት ፈረቃ እየሠራ ቀትርን መጋረጃ ዘግቶ ተኝቶ አሳለፈ። ዋቅጋሪ "በሜዳው እንሂድ" ሲለው እሺ ያለውም ለስፖርት አልነበረም። ቀትር ላይ፣ ሜዳ ላይ፣ ሰው ቢጠራው ዛሬ መመለስ ይችል እንደሆነ ለማወቅ ነበር።

እንደማይችል ግን ልምምዱ ላይ ታየ። የዋቅጋሪ ሕግ ቀላል ነው፤ ቀርፋፋው ከፊት፣ ፈጣኑ ከኋላ። ከፊት ያለው አንገቱን አያዞርም፤ አንገት ወደዞረበት ሳይክሉም ይዞራል። ከኋላ ያለው ይጠራል፣ ከፊት ያለው ይመልሳል።

"ጋሼ ታዴ!" ዝም።

"ጋሼ ታዴ!" ዝም።

"ኧረ ጋሼ ታዴ፣ እኔ ልሙትልህ!"

"አቤት!"

"ሦስቴ ካልተጠራህ የማትመልሰው ምንድነው? ሚኒስትር ነህ እንዴ?"

"ጆሮዬ ነው።"

"ጆሮህስ ደህና ነው" አለ ዋቅጋሪ፣ ለአንድ አፍታ ቀልዱን ትቶ። "ስጠራህ ትከሻህ ሲሰበሰብ አየዋለሁ።"

ጥር ላይ፣ አንድ ሰኞ ማለዳ ወጡ። ዌሪቢን አልፈው በጎመኑ እርሻ መካከል ሲሄዱ የውሃ መርጫው ፊታቸውን ነካ አደረጋቸው፤ ዋቅጋሪ "ጠበል ነው፣ ተቀበል!" እያለ ሳቀ። ከዚያ እርሻው አለቀ። ቢጫ ሣር የለበሰ፣ ጫፉ የማይታይ ሜዳ መጣ። እዚህም እዚያም ጥቁር ድንጋይ ተደርድሮ የተሠራ አጥር አለ፤ በስተቀኝ የዩ ያንግስ ተራሮች እንደ ጭስ ሰማያዊ ሆነው ቆመዋል። ዛፍ የለም። ቤት የለም። ታዴዎስ ይህን ሜዳ አይቶት የማያውቅ ቢሆንም አወቀው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን "እንረፍ" አለ። አንዲት ብቸኛ ባሕር ዛፍ አግኝተው ጥላዋ ስር አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። ዋቅጋሪ ቸኩሎ ነበር፤ ታዴዎስ ግን ሰባት ሳይሞላ ንቅንቅ አልልም አለ። ሰባት ሲሆን ቀትር አለፈ ብሎ አማተበና ተነሣ።

የረሳው ነገር ቢኖር፣ በዚህ አገር በጋ ሲመጣ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፉታል። እጁ ላይ ያለው ሰዓት ሰባት ይበል እንጂ ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ነበረች። ሳይክሉ ላይ ሲወጣ ጥላው ከፔዳሉ ስር ተኮማትራ ቀረች። ቀትርን አሳለፍኩ ያለ ሰው፣ እግሩን አንስቶ የገባው ቀትር ውስጥ ነው።

ብዙም ሳይሄዱ ድርቆሽ የጫነ ትልቅ መኪና ከኋላ መጣ። ነፋሱ መታው፤ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ተንገዳገደና ቀና። ድርቆሽ እየረገፈበት መኪናው አልፎ ሄደ። "ተመስገን" አለ ታዴዎስ። ከአሥራ አንዱ ፍርሃት አንዱ መጥቶ ሄደ፤ ደስ አለው።

ከዚያ በኋላ ሜዳው ጸጥ አለ። ነፋሱም ቆመ። የሚሰማው የሰንሰለት ድምፅ ብቻ ነበር፤ የአንድ ሰንሰለት ድምፅ። ዋቅጋሪም ወሬውን ማቆሙን ልብ አለ። ደከመው ይሆናል አለ በልቡ። ሙቀቱ ነው።

"ወንድማለም!"

ትከሻው ተሰበሰበ። የዋቅጋሪ ድምፅ አይደለም። ሜልበርን ውስጥ ሙሉወርቅን ጨምሮ በዚህ ስም የሚያውቀው ፍጡር የለም። በስመ አብ አለ፣ እግሩ ግን ፔዳሉን መርገጡን አልተወም። አያቱ እንዳሉት ሦስተኛውን ልጠብቅ አለ። ሰው ከሆነ ሦስት ይጠራል።

"ወንድማለም!"

ቀጠን ብሎ፣ እንደዚያን ቀን።

መስታወቷን አየ። መንገዱ በሙቀቱ እየተንቀጠቀጠ ውሃ መስሎ ነበር። ብርቱካንማ ሰደርያ አይታይም፤ ሳይክልም የለም። በዚያ በሚንቀጠቀጠው ውስጥ ግን አንድ ቀጭን ሰው በእግሩ ይሄዳል። ከጉልበቱ በታች አይታይም። ወደ እሱ ይምጣ ወይ ይራቅ አይለይም።

ሃያ ጊዜ ፔዳሉን ረገጠ። ሦስተኛው አልመጣም። ያኔ ታዴዎስ አንድ ነገር ገባው፤ ጋኔንም ሁለቴ ነው የሚጠራ፣ የሚሞት ሰውም ሁለቴ ነው የሚጠራ። ከፊት ሆኖ መለየት አይቻልም። መለየት የሚቻለው ተመልሶ ነው።

"ጌታዬ ሆይ፣ ጋኔን ከሆነም ይውሰደኝ" አለና ፍሬኑን ያዘ። አንገቱን አዞረ፤ የዋቅጋሪንም የአያቱንም ሕግ አፈረሰ። "አቤት!" አለ። ድምፁ ሜዳው ላይ ሄዶ ሄዶ ጠፋ።

መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።

ወደ ኋላ ነዳ። ድርቆሹ ከረገፈበት ቦታ ትንሽ ወዲያ፣ የዋቅጋሪ ሳይክል የፊት ጎማ ከቦዩ ውስጥ ወጥቶ ቀስ እያለ ይሽከረከራል። ዋቅጋሪ በደረቱ ተደፍቷል። ፊቱ ጠጠሩ ላይ ነው፤ አገጩ ተሰብሮ አፉ በደም ተሞልቷል፤ ከጉሮሮው የሚወጣው እንደሚፈላ ውሃ ያለ ድምፅ ብቻ ነው። ታዴዎስ በጎኑ አዞረው። ደሙ ፈሰሰ፤ ትንፋሹ ተመለሰ። ስልኩን አውጥቶ ወደ አደጋ ጥሪው፣ ትሪፕል ዜሮ ደወለ፤ የት እንዳለ ለማስረዳት እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፍቶት "ድንጋይ አጥር፣ ሦስት ተራራ" እያለ ጮኸ። ከዚያ አንድ ሙሉ የውሃ ጠርሙስ ከሳይክሉ ነቅሎ ዋቅጋሪ ራስጌ፣ ጥቁር ድንጋይ ላይ አስቀመጠና እጁን ይዞ መጸለይ ጀመረ።

አምቡላንሷ ስትደርስ ነርሷ የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ውሃ ሰጥተኸዋል?" የሚል ነበር።

"አልሰጠሁትም።"

"ጥሩ አደረግህ። አምስት ደቂቃ ብትዘገይ በገዛ ደሙ ታፍኖ ነበር።"

ዋቅጋሪን አንስተው ካስገቡት በኋላ ታዴዎስ ጠርሙሱን ሊያነሣ ጎንበስ አለ። ክዳኑ እንደተጠመዘዘ ነው። ውስጡ ግን ጠብታ የለም። ድንጋዩን በእጁ ዳበሰው፤ ደረቅና የሚያቃጥል ነበር። ደንግጬ እኔው ጠጥቼው ይሆናል አለ። ምላሱ ግን ላንቃው ላይ ተጣብቆ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ሊጠይቀው ሄደ። የዋቅጋሪ መንጋጋ በሽቦ ታስሯል፤ ዓይኖቹ ግን ያው የሚቀልዱት ዓይኖች ናቸው። የአልጋው መደገፊያ ላይ ስልኩን ይዞ በአማርኛ እየጻፈ ያሳያል። መጀመሪያ የጻፈው፣ "ሳይክሌስ?" የሚል ነበር።

"ሙሉወርቅ ልክ ብላለች፤ ሳይክሉን ነው ያገባኸው" አለ ታዴዎስ። ሳቅ እንዳያመው ዋቅጋሪ ዓይኑን ጨፈነ። ታዴዎስ ወንበሩን ሳበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጠርተኸኝ ነበር?"

ዋቅጋሪ በጣቱ ወደ ሽቦው አመለከተና ጻፈ። "በምን አፌ?"

"እንግዲያ ማነው የጠራኝ?"

ዋቅጋሪ ግር ብሎት አየው። ረጅም ጊዜ ወስዶ ጻፈና ስልኩን አቀበለው።

"ልጁ ነዋ። አጠገቤ ቦዩ ውስጥ ተቀምጦ የነበረው፣ ከንፈሩ የተሰነጣጠቀው። ሁለቴ ጠራህና ደከመው። አንተ አቤት ስትል አለቀሰ። ከዚያ ውሃ፣ ውሃ ይል ነበር። ሳልጠይቅህ ወሰዱኝ። ውሃ ሰጠኸው?"

ታዴዎስ ጽሑፉን አንድ ጊዜ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከመስኮቱ ውጭ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ የመኪና ማቆሚያው ላይ አንድም ጥላ አይታይም። ስልኩን ቀስ ብሎ ዋቅጋሪ ደረት ላይ መለሰለት።

"ሰጠሁት" አለ። "አንጠፍጥፎ ጠጣው።"