አንድ ነጥብ ላይ ሦስት ጊዜ

የብረት መለኪያው ሌዘር ጠቅ አለ። ስክሪኑ ላይ የክሮሚየሙ መጠን 1.2 በመቶ ሆኖ ወጣ። የፋብሪካው ብረት መርማሪ በድጋሚ ተኮሰ፤ 0.8። ሦስተኛው 0.3 አለ።

"ምን ሆንክ አንተ?" አለው ማሽኑን። የክፍል ባልደረባው ጡረታ ከወጣ ወዲህ እዚህ የሚያናግረው ሌላ የለውም።

ደንቡ ሦስት የተለያየ ቦታ ተኩሶ አማካዩን መውሰድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሃያ አምስት የቦይለር ቧንቧዎችን እንደዚያ ለክቶ ሁሉም አልፈዋል። በመጨረሻዋ፣ በሃያ ስድስተኛዋ ላይ ግን ሐሳቡ መናኸሪያ ነበርና የማሽኑን አፍንጫ ሳያንቀሳቅስ አንዱን ነጥብ ደጋግሞ መታው። ሌዘሩ በተተኮሰ ቁጥር ብረቱን በስሱ ይልጣል። ብረቱን ሙቀት የሚያስችለው ክሮሚየም ለካ ከላይ ብቻ ነው።

መሞረጃውን ግራይንደር አገላብጦ አየው። ከመለካቱ በፊት የቧንቧዎቹን ዝገት ያነሳበት ዲስክ ትናንት ክሮሚየም የበዛበት የማይዝግ ብረት የሞረደበት ነው። መቀየሩን ረስቶ የዚያን ብናኝ ሃያ ስድስቱም ላይ ቀብቶታል። ቧንቧዎቹ ተራ ብረት ከሆኑ ሙቀቱን አይችሉም፤ ሰው ላይ ይፈነዳሉ።

የጭነት ኃላፊው ወረቀት ይዞ ገባ።

"ጋሼ፣ የቀረን የእርስዎ ፊርማ ነው። ሹፌሩ ሊበላኝ ደርሷል።"

"ልኬቱ አላማረኝም።"

"ሌዘር እኮ ነው ጋሼ! እሱ ደግሞ ይዋሻል?"

"እሱማ ያስነካሁትን ነው የነገረኝ።"

ስልኩ ጮኸ። ሁለት ዓመት ያላያት ልጁ ናት።

"አባዬ፣ መናኸሪያ ደርሻለሁ። የምቀጥልበት አውቶቡስ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይነሳል። እየመጣህ ነው?"

ፈርሞ ቢወጣ በሃያ ደቂቃ መናኸሪያ ይደርሳል። ሁሉንም እንደገና ሞርዶ መለካት ግን እስከ ማታ ነው።

"አልደርስም፣ ልጄ። ቧንቧዎቹን አበላሽቻቸዋለሁ።"

"አንተና ቧንቧ!" ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልዘለቀም። "በቃ፣ ሌላ ጊዜ።"

"ሌላ ጊዜ" የሚለው ሁልጊዜ እሱ ነበር።

"ቲኬትሽ ለነገ ይዞር ይሆን?" አላት።

ከጀርባዋ ረዳቶች ይጣራሉ።

"እንዲህ ብለኸኝ አታውቅም እኮ" አለች። "ቆይ፣ ልጠይቅ።"

ወረቀቱን ሳይፈርም ለኃላፊው መለሰለት።

"የተጫኑትን ሃያ አምስቱንም ከመኪናው አውርዱልኝ።"

ስልኩን ሳይዘጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አዲስ ዲስክ ከማሸጊያው አወጣ።