ብርቅታይት የከለከለችው ባሕር

ኑ ልጆቼ፣ ወደ ኤሲው ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። የውጩ ሙቀት እስኪበርድ የጎረቤቴን የብርቅታይትን ነገር ላጫውታችሁ።

እዚሁ ሜሪላንድ ፓርክዌይ መንገድ ላይ ግድግዳ ተጋርተን ነው የምንኖረው። ልጇ ሳምራዊትና አማቿ አቤል ሁለቱም የካዚኖ ሠራተኞች ስለሆኑ፣ የልጅ ልጇን ናኦሚን ከአራስነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት። ባለፈው ሰመር ታዲያ የአቤል እናት አስካል ከስዊድን ጠራቻቸው። መኪና ተከራይተው፣ ከዴንማርክ እስከ ስዊድን የባሕሩን ዳር ዳር ይዘው ሊጓዙ ነው። ብርቅታይት ጉልበቷ ረጅም መንገድ አይችልምና ቀረች።

በቪዲዮ ሲደውሉ አጠገቧ እቀመጥ ነበር። ነጭ አሸዋ፣ የሚያፏጭ ነፋስ፣ በሰመር ሹራብ የለበሰ ሰው። አንድ ቀን ናኦሚ ስልኩን እንደያዘች «እማማ፣ ነይ» ብላ ተጣራች። ብርቅታይት «አቤት» አለች። የተጠራችው ግን ከኋላ የቆመችው አስካል ነበረች።

ከዚያ ወዲያ ምን ልበላችሁ፣ ቅናት አንገበገባት። አስካል ለናኦሚ የሠራችላትን ሹሩባ ጠማማ ነው አለች። ፎቶ ሲልኩላት ባሕር ምን አለው፣ ጨው አይደለም ወይ አለች። «ያሳደግኋትን ልጅ በአሸዋ ሊገዙብኝ ነው» አለችኝ።

ናኦሚ ከመሄዷ በፊት እዚህ ቤተ ክርስቲያናችን ቆርባ ነበር። እንደምታውቁት የቆረበ ሰው በዚያን ቀን ገላውን አይታጠብም፣ ውኃ አይሻገርም። ብርቅታይት ይቺን የአንድ ቀን ነገር ለጠጠቻት። ቆርበሻልና ፍልሰታ እስኪፈታ የባሕር ውኃ እንዳይነካሽ ብላ በስልክ አስጠነቀቀቻት። በክርኔ ብጎሽማት ወይ ፍንክች።

ጥቂት ቀን ቆይታ አስካል ራሷ ደወለች።

«እትዬ ብርቅታይት፣ ልጅቷ እግሯን እንኳ አላስነካም አለች። የአንድ ቀን ብቻ ነው ብላት፣ እናቷም ብትለምናት፣ እማማ ብላለች ብላ እምቢ አለች። እባክዎ እርስዎ ይንገሯት፤ የእርስዎን ቃል እኛ መሻር አልቻልንም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብርቅታይት ፊቷ በራ። ልጅቷ የእሷው ናት፤ ያን ሁሉ አገር አቋርጣም ቃሏን አልጣለችም። አስካል ስልኩን ስታዞረው ግን ናኦሚ ታየች። የዋና ልብሷን ለብሳ፣ ደረቅ ፎጣ ተከናንባ አሸዋው ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሌሎቹ ልጆች ውኃው ውስጥ ይንጫጫሉ።

«እማማ፣ ፍልሰታ ዛሬ ጨረሰ?» አለች።

ብርቅታይት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። «አላለቀም የኔ ልጅ። ግን የነገርኩሽ ልክ አልነበረም። ቀንቼ ነው» አለቻት።

«ቀንቼ ምንድነው?»

«ስትመጪ እነግርሻለሁ። አሁን የአስካልን እጅ ይዘሽ ግቢ። እሷም አያትሽ ናት፣ አጥብቀሽ ያዢያት።»

ስልኩን አሸዋው ላይ ጥለውት ሮጡ። የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው፤ የናኦሚ ሳቅ ግን ከነማዕበሉ ይሰማል። ዝጊው እንጂ ብላት አልዘጋችም። እንባዋ እየወረደ፣ ሳቁ እስኪርቅ ድረስ ጆሮዋን ደቅና ሰማች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የምትወዱት ልጅ በሌላ ሰው ክንድ ላይ ሲስቅ አይታችሁ ሆዳችሁ ሲቃጠል፣ እባካችሁ ይቺን ብርቅታይትን አስታውሱልኝ።