የኮሮላዋ ጉሮሮ

ጋሽ ጫንያለው ሞረዱን አስቀምጦ ጣቶቹን ዘረጋና መልሶ አጠፋቸው። ሦስተኛ ቀኑ ነው። በስልሳ ሁለት ዓመቱ አሉሚኒየም በእጅ ሲሞርድ መዋል እንደሌለበት ያውቃል፤ ግን ሰውን እንቢ ማለት አልፈጠረበትም። ጨለለቂ ሰፈር ካለው ጋራዡ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የልብስ ሰፊዋ የንጋት የስፌት መኪና ከጠዋት ጀምሮ ይንጣጣል። የምታለፋው ኮሮላ የባሏ የመምህር ዓምደሚካኤል ናት።

ኮሮላዋ ከፋሲካ ወዲህ ዳገት አልወጣም ብላለች። መምህሩ የኪራሙ ልጅ ነው፤ እናቱ ዛሬም እዚያው ብቻቸውን ናቸው። አካባቢው ሰላም ካጣ ወዲህ ወደዚያ የሚሄዱ መኪኖች ቅዳሜ ጠዋት ተጠባብቀው አንድ ላይ ነው የሚወጡት፤ ዳገት ላይ የቀረ ብቻውን ቀረ። “ጋሽዬ፣ በዚህ ቅዳሜ እናቴን ካላወጣኋት...” ብሎ ሳይጨርስ ተወው። ከዚያም ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ከትልቅ ሞተር ላይ የወረደ ስሮትል ቦዲ በአውቶቡስ አስመጣ። ሞተር አየር የሚስብበት ጉሮሮ ነው፤ ነዳጅ ሲረገጥ ይከፈታል። ጉሮሮዋ የሰፋ ብዙ ትተነፍሳለች፣ ብዙ የተነፈሰች ትሮጣለች። ይህን ማን እንደነገረው እንጃ፤ ስልኩ ይሆናል። ዘንድሮ መካኒክ ያልሆነ ሰው የለም።

ጉሮሮው ግን ለኮሮላዋ አልተሠራም። የቡሎን ቀዳዳዎቹ አይገጥሙም፣ አፉም ከሞተሩ አፍ ይሰፋል። አንዱን በሞረድ ማስፋት፣ ለሌላው መጋጠሚያ ማስቆረጥ ግድ ሆነ።

“ኦቦ ጫንያለው፣ አካም ቡልታን? እንዴት አደሩ?” አለ ባለ ቶርኖው ብረት ቆራጭ ገቢሳ፣ የቆረጠውን መጋጠሚያ በጨርቅ ይዞ ሲገባ። “ጃባዻ! በርቱ እንጂ፣ ይቺ መኪና እኮ ጨረሰችዎት።”

“ነጋ፣ ደህና ነኝ ገቢሳ። ማን ማንን እንደሚቀድም እናያለን።”

እኩለ ቀን ሳይሞላ ገጠመ። ጫንያለው እንደ ልማዱ ኮፈኑ ሥር ቆሞ የነዳጁን ገመድ በእጁ ሳበው፤ ኮሮላዋ አገሳች። መምህሩ እጁን ሊስመው ምንም አልቀረው። ከዚያ መምህሩ እየነዳ በዲጋ መንገድ ያለውን ዳገት ሞከሯት። ግማሽ ላይ ስትደርስ ያው ናት። እንጨት የተጫነች አህያ አለፈቻቸው።

“እንግዲህ በቃ” አለ መምህሩ። “ቅዳሜ በእሷው እሄዳለሁ። የመጣው ይምጣ።” መኪናዋን ጋራዡ በር ላይ አቆመና ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ፤ ከሰዓት ክፍል አለው።

ጫንያለው በርጩማው ድረስ መሄድ አቃተው። የቀረበው የኮሮላዋ ወንበር ነበር፤ ገብቶ ተቀመጠና እግሩን ዘረጋ። እግሩ የነዳጁ መርገጫ ላይ አረፈ። መርገጫው ግማሽ ድረስ ወርዶ ቆመ። ደግሞ ረገጠው፤ ቆመ። አርባ ዓመት ሙሉ ሞተር የሚፈትነው በእጁ ነው እንጂ በእግሩ አይደለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ያውም ሦስት ቀን!

ጎንበስ ብሎ ምንጣፉን ገለጠ። ከሥሩ ሦስት ጣት የሚወፍር የባሕር ዛፍ ቁራጭ አለ። እንዳይንሸራተት በጨርቅ ተጠቅልሎ ከምንጣፉ ጋር በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል፤ እያንዳንዷ ስፌት ሁለት ጊዜ ተደግማለች። ጫንያለው የገዛ ቱታውን ጉልበት አየ። ያው ክር፣ ያው ድርብ ስፌት። ባለፈው ወር ሲቀደድ የጠገነችለት ንጋት ናት።

ሊቆጣ ፈለገና ቁጣውን አጣው። አሳዘነችው። ጠራት፤ መቀሷን እንደያዘች ተሻግራ መጣች። የተገለጠውን ምንጣፍ ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች።

“አወቁት።”

“አወቅሁት ልጄ።”

“እንዲቀርልኝ ነው ጋሽዬ። መኪናዋ እንቢ ካለችው ይተዋል ብዬ። እናቱን ጠልቼ አይደለም፣ ማርያምን! ሁለት ልጅ ይዤ ብቻዬን ብቀርስ?”

“ይገባኛል። ግን ተወው?”

ንጋት ወደ እንጨቱ አየች።

“ዛሬ ያለውን ልንገርሽ። ‘ቅዳሜ በእሷው እሄዳለሁ’ ነው ያለው። ሌሎቹ ዳገቱን ሲያልፉ እሱ ግማሽ ላይ ነው፤ ይሄን እንጨት ረግጦ።”

ንጋት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ ተንበርክካ ስፌቷን ራሷ በመቀስ ትበጥሰው ጀመር። አጥብቃ ሰፍታው ኖሮ ቶሎ አልለቀቀም። ጫንያለው ሊያግዛት እጁን ሰደደና መለሰው። እንጨቱን አውጥታ ሰጠችው።

“ትልቁን ጉሮሮ ግን እንዳያወጡት” አለች እንባዋን እየጠረገች። “እዚያው ይሁን። የቻለችውን ያህል ትሩጥ።”

“አላወጣውም።”

አሥር ሰዓት ላይ መምህሩ ሲመለስ ዳገቱን ደግመው ሞከሯት። አንድ ጊዜ እንኳ ሳታቃስት ወጣችው። መምህሩ እንደ ልጅ ሳቀ።

“ምን ነበር ጋሽዬ?”

“ማሸጊያው ጓርኒሲዮን አየር ያሳልፍ ነበር፤ ቀየርኩት።”

ውሸቱ አልከበደውም። የከበደው ቅዳሜ ነው። ጋራዡ ጋ ሲደርሱ መምህሩ ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋ፤ ንጋት ከሱቋ በር ላይ ወጥታ ፈገግ አለችለትና ተመልሳ ገባች። ጫንያለው ዕቃውን እየሰበሰበ ጆሮውን ወደ ማዶ ጣለ። ጋራዡን እስኪዘጋ ድረስ የስፌት መኪናዋን ድምፅ አልሰማም።