ከቤት የተመረጠ ደጋፊ

ሲስተር ሚዛኑን አየችና ቁጥሩን ጻፈች። ሰማንያ አራት ኪሎ፤ ባለፈው ወርም ሰማንያ አራት። ሰባ ሰባት ካልገባሁ ሐኪሞቹ ኩላሊቴን ለወንድሜ አይወስዱም፤ ከእኔ ሌላ የሚስማማው ሰው ደግሞ አልተገኘም። እሱ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ይገባል፣ እኔ በወር አንድ ቀን እመዘናለሁ። ሁለታችንንም ሰልችቶናል።

ሲስተር የተማረችውን አጥብቃ ታምናለች። የሰው ባህሪ የሚለወጠው ደረጃ በደረጃ ነው ትላለች። ደረጃዎቹን ግድግዳው ላይ ለጥፋቸዋለች፦ አለማሰብ፣ ማሰብ፣ መዘጋጀት፣ መጀመር፣ መዝለቅ። እኔ አራተኛው ላይ ተገትሬ ቀርቻለሁ። ያለችኝን ግን አንድ ሳላስቀር አድርጌያለሁ። ስኳር ከቤት አስወጥቻለሁ። ቀኑን ሙሉ የደንብ ልብስ ኮሌታ ስሰፋ ውዬ፣ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ እገባለሁ፤ ጉልበቴ ይመስክር። «ከቤት አንድ ደጋፊ ምረጪ» ስትለኝም ወንድሜን መረጥኩ። ቤቱ እኔ፣ ልጄና እሱ ብቻ ነን። እጥበት በሌለበት ቀን እሱ ያበስልልኛል፤ የምበላውንም በሲስተር ቅጽ ላይ ይመዘግባል።

ቅጹን አገላበጠችው። «ካሮቷን እንኳ ቆጥሮ ጽፏል፣ ጎበዝ ነው። ዘይትስ?»

«አንድ ማንኪያ ይላል እኮ።»

«ወረቀቱን ተዪው። አንድ ሊትር ስንት ቀን ያቆያችኋል?»

ቀኖቹን በጣቴ ቆጠርኩ። ቅዳሜ የገዛሁት ረቡዕ አልቆ ነበር።

እቤት ስገባ ወንድሜ ሽንኩርት እየከተፈ ነው። ሾርባው ምድጃው ላይ ተጥዷል።

«ስንት ማንኪያ ነው የምትጨምረው?» አልኩት ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ።

ቢላዋውን አስቀመጠ። መዋሸት ከልጅነቱ አይሆንለትም፣ ጆሮው ይቀላል። «አምስት። አንዳንዴ ስድስት። አትክልቱን የምፈጨው ዘይቱ እንዳይታወቅብኝ ነው።»

«ሦስት ወር ሙሉ እየራበኝ ስተኛ ዝም ብለህ ታየኛለህ?»

«ልጅ አለሽ፣ እታለም። በእኔ የተነሳ ከቀዶ ጥገናው ባትነሺስ፣ ልጅቷን በምን ዓይኔ ነው የማያት? እምቢ ብልሽ ደግሞ አትሰሚኝም። ሚዛኑ እምቢ ይበልልኝ ብዬ ነው።»

ልጮህበት ፈልጌ ነበር፤ ድካሙ በለጠኝና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሲስተር በየወሩ፣ ለመለወጥ ያለሽ ፍላጎት ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው እያለች ትጠይቀኛለች። ለካ እሱን የጠየቀው የለም።

«ለመኖር ያለህ ፍላጎት ከአስር ስንት ነው?» አልኩት።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ቁጥር ተናገር።»

«ሦስት» አለ።

ሲስተር ቁጥሩ ሲያንስ ለምን አነሰ ብላ አትቆጣም። እንደ እሷ ረጋ ለማለት ሞከርኩ።

«ለምን ዜሮ አላልክም?»

ሽንኩርቱን ትኩር ብሎ አየው። «ደከመኝ እንጂ መሞት እኮ አልፈልግም» አለና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። እንባው የሽንኩርቱ ነው ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለም።

ክንዱን ከፊቱ አወረደ።

«ስንት ኪሎ ቀረሽ?» አለኝ በመጨረሻ።

«ሰባት።»

«እንግዲያው ያንን ሾርባ እንዳትበዪው።»