የውብአለም ብስክሌት

ቦጋለች በጸጉር ፒኗ የብስክሌቱን የኋላ ጎማ የንፋስ መግቢያ ተጭና ስትይዘው አየሩ እያፏጨ ወጣ። የምሳ ሰዓት ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ቶሮንቶ፣ ዌስተን ሰፈር ውስጥ የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ላውንደሪ ጓሮ ማንም አልነበረም። ጎማው ተልፈስፍሶ ቸርኬው መሬት ሲነካ ቀና አለችና ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ማሽኗ ተመለሰች።

ብስክሌቱ የውብአለም ነው። ውብአለም ባሏ ሲማር ጃፓን፣ ኦሳካ አምስት ዓመት ኖራ፣ እንደ ፈረንጆች በ1996 መጀመሪያ ቶሮንቶ ገባች። ከሁለት ወር በፊት እዚህ እስክትቀጠር ድረስ የምሳው ጠረጴዛ የቦጋለች ነበር። ወሬ የምታመጣውም፣ የምታስቀውም እሷ ነበረች። የሥራ ባልደረባዋ ዙበይዳ አራት ዓመት ሙሉ ከጎኗ ተለይታ አታውቅም። አሁን ግን ወንበሯን ወደ ውብአለም አዙራ የጃፓን ወሬ ትሰማለች። ቦጋለች በየጠዋቱ ፌርማታ ላይ ቆማ አውቶብስ ስትጠብቅም፣ ውብአለም ደወሏን እያቃጨለች «እንደምን አደሩ እትዬ!» ብላት ታልፋለች።

የዛሬው ምሳ ደግሞ ባሰ።

«እዚያ ብስክሌት ለስፖርት አይደለም» አለች ውብአለም። «እናት አንዱን ልጅ ከፊት፣ አንዱን ከኋላ አስቀምጣ፣ በአንድ እጇ ጃንጥላ ይዛ ገበያ ትሄዳለች። ባቡር ጣቢያው ደጃፍ ስንትና ስንት ብስክሌት ተደርድሮ ይውላል።»

«አይሰረቅም?» አለች ዙበይዳ።

«ይሰረቃል እንጂ! ፖሊሱ እኔን ባየ ቁጥር ‹የማን ነው?› እያለ ያስቆመኛል። ቁጥሩን በሬዲዮ ጠይቆ የራሴ መሆኑን ሲሰማ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ይለኛል። በሳምንቱ ያው ፖሊስ፣ ያው ጥያቄ!»

ዙበይዳ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «በአላህ፣ ቅዳሜ እኔንም አስተምሪኝ!»

ቅዳሜ ዙበይዳና ቦጋለች አብረው ገበያ የሚወጡበት ቀን ነው። ቦጋለች ምሳዋን ሳትጨርስ ሳህኗን ከድና ወደ ጓሮ የወጣችው ያኔ ነበር።

ከሥራ ሲወጡ ውብአለም ጎማውን አይታ ክው አለች። ልጇን ከሕፃናት መዋያው፣ ከዴይኬር፣ የምታወጣበት ሰዓት እየደረሰ ነው። ብስክሌቱን እየገፋች ቦጋለች ወደቆመችበት ፌርማታ መጣች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ይሄ ጎማ አልተበሳም፤ ሰው ነው ያስተነፈሰው። ክዳኑን ተፈትቶ መሬት ላይ አገኘሁት።»

«ማን ይሆናል ብለሽ?»

«ዙበይዳ ትመስለኛለች። በምሳ ሰዓት የምትሰግደው ከጓሮው በር አጠገብ ካለው ክፍል ነው። ሌላ ማን በዚያ በኩል ያልፋል? ያ ሁሉ ሳቅ ከልቧ መስሎኝ ነበር። ለካ ስታሾፍብኝ ኖሯል። ከነገ ጀምሮ ሌላ ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። ቅዳሜም ቀርቷል።»

ቦጋለች ዝም ካለች ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ይሆናል። ዙበይዳ ወንበሯን ወደ እሷ ትመልሳለች፣ ቅዳሜም የሁለቱ ብቻ ይሆናል። ደስ ሊላት ሲጀምር፣ አምና በብርዱ ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ትዝ አላት። ዙበይዳ ከሥራ በኋላ በሁለት አውቶብስ እየተመላለሰች፣ አጥሚት በቴርሞስ ታመጣላት ነበር።

አውቶብሱ መጥቶ በሩን ከፈተ።

«ይሂዱ እንጂ፣ እንዳያመልጥዎት» አለች ውብአለም።

ቦጋለች አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ነበር። መልሳ አወረደችውና ሹፌሩን በእጇ አሰናበተችው።

«ዙበይዳ አይደለችም» አለች። «እኔ ነኝ። ቀንቼብሽ ነው።»

ውብአለም ትክ ብላ አየቻት። «ልጄ ትጠብቀኛለች» ብቻ ብላ ብስክሌቱን እየገፋች፣ ወደ ኋላ ሳትዞር ሄደች።

ዙበይዳ ኦቨርታይም ስለነበራት ገና ከላውንደሪው አልወጣችም። ቦጋለች የሠራችውን ዙበይዳ ከሌላ ሰው እንድትሰማ አልፈለገችም። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ልትነግራት ወደ ላውንደሪው ተመለሰች።