የሃያ አምስት ዓመቱ ዓረፍተ ነገር

የትነበርሽ ያን ቅዳሜ ጠዋት ዴንሃግ የደረሰችው ደክሟት ነው። የባቡሩ መንገድ አይደለም ያደከማት። በሳምንቱ ሦስት ሠራተኞች ታመውባት፣ የእነሱን ፈረቃ ራሷ ስትሸፍን ሰንብታ፣ ቀኝ ጉልበቷ ደረጃ ባየ ቁጥር ይለምናት ጀመር። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው።

ሮተርዳም አጠገብ ባለችው ካፔለ አን ደን አይሰል ከተማ ውስጥ «ምርኩዝ» የሚባል ድርጅት አላት። እዚህ አገር ታውስዞርኽ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ሠራተኞቹ አረጋውያን ቤት ድረስ ሄደው ያጥባሉ፣ ያለብሳሉ፣ መድኃኒት ያስውጣሉ። በጎን ደግሞ የቢሮ ጽዳት ይሠራል። ከአስራ አራት ዓመት በፊት ከአቶ መንግስተኣብ ጋር ሲጀምሩት ሁለት ብስክሌትና አንድ ስልክ ነበራቸው፤ ዛሬ አርባ ስድስት ሠራተኞች አሉት። አቶ መንግስተኣብ ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ አማርኛቸው የማይነቀፍ፣ የሠራተኛውን የፈረቃ ሰሌዳ፣ ሮስተሩን፣ በራሳቸው እጅ ካላወጡ የማያምኑ ሰው ናቸው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ጡረታ ልውጣ ይላሉ፤ ሰኞ ሲሆን ግን ይመጣሉ።

ስብሰባውን የጠራው የየትነበርሽ ልጅ ኤልናታን ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ አምስተርዳም ውስጥ ድርጅቶችን በሚያማክር መሥሪያ ቤት ይሠራል። አንድ ትልቅ የእንክብካቤ ኩባንያ ምርኩዝን መግዛት እንደሚፈልግ ጽፎላቸው፣ መልስ ለመስጠት አንድ ወር ነበራቸው። ኤልናታን ደብዳቤውን አይቶ፣ «ከመመለሳችሁ በፊት ድርጅቱ ለምን እንደቆመ እወቁ። ዓላማ የሌለው ድርጅት ገዢ ነው የሚጠብቀው» ብሎ ዴንሃግ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየ።

ግድግዳው ላይ ትልቅ ነጭ ወረቀት ለጥፎ፣ ከላዩ 2050 ብሎ ጽፎ ጠበቃቸው።

«ማም፣ ዛሬ የምፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው» አለ። «ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ምርኩዝ ምን አድርጎ መገኘት አለበት? ስናነበው ትንሽ ሊያስፈራን ይገባል። ካላስፈራን ትንሽ ነው ማለት ነው።»

«በሃያ አምስት ዓመት እኔ የት እንደምገኝ ልንገርህ?» አሉ አቶ መንግስተኣብ።

«መንግስተኣብ፣ አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ቀልድ!»

ልጁ ሽማግሌን «አንተ» ሲል የትነበርሽ ድሮ ትቆጣው ነበር። አሁን ትታዋለች። አቶ መንግስተኣብም ከለመዱት ቆይተዋል።

ኤልናታን እንደ መነሻ ያዘጋጀውን ጻፈ፦ «በ2050 በኔዘርላንድ ትልቁ የስደተኛ አረጋውያን ተንከባካቢ ድርጅት መሆን።»

የትነበርሽ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ትልቁ ሆነን ምን እናደርጋለን?»

«እናድጋለን።»

«አድገንስ?»

ኤልናታን «ትልቁ» ከሚለው ቃል ሥር መስመር አሰመረ።

«ስማ ልጄ» አለች። «ሰኞ ጠዋት ሦስት ቤት የሚሄድ ሰው የለኝም። አንደኛዋ ሴትዮ ሰው ካልመጣ ከአልጋ መውረድ አይችሉም። እኔ የማስበው ሰኞን ነው። አንተ 2050 ትለኛለህ።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እንሽጠው። ደከመኝ።»

ይህን በአፏ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። አቶ መንግስተኣብ መነጽራቸውን አወለቁ።

ስልኳ የጮኸው ያኔ ነው። ሐምራዊት ነበረች፣ የድሮ ወዳጃቸው የአቶ ዘገየ ልጅ። ስኪፖል አየር ማረፊያ ፍተሻ ላይ ትሠራለች፤ ከኋላዋ የመንገደኛ ጫጫታ ይሰማል።

«እትዬ፣ ሶሪ፣ ሥራ ላይ እንደሆንሽ አውቃለሁ» አለች። «አባዬ መጦሪያው ውስጥ አልታጠብም እያለ ነው። ወደ ሦስት ሳምንት ሆነው። ማንንም አያስጠጋም አሉኝ። ሰኞ ሐኪም ያየውና የሚያረጋጋ መድኃኒት እንጀምርለት ይሆናል እያሉ ነው። እኔ ጋ ግን እንደዚያ አይደለም፣ እሁድ እሁድ ስሄድ ደህና ነው። ምን እንደሆነ አልገባኝም።»

«የትኛው መጦሪያ ነው?»

ዴንሃግ ነበር፤ በትራም ሃያ ደቂቃ። የትነበርሽ ኮቷን አነሳች። ኤልናታን ወረቀቱንም እናቱንም አየና ተከተላት። አቶ መንግስተኣብ «እኔ እዚሁ ሆኜ የሰኞን ሰው እፈልጋለሁ» ብለው ስልካቸውን አወጡ።

አቶ ዘገየ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሮተርዳም ወደብ ላይ ሃያ ሰባት ዓመት የክሬን መካኒክ ነበሩ። ሆላንድኛቸው እንደ አገሬው ስለነበር አዲስ የመጣ ስደተኛ ሁሉ ኸሜንተ የሚሉት ማዘጋጃ ቤትና ሐኪም ቤት ይዟቸው ይሄድ ነበር፤ የትነበርሽም ኤልናታንን ስትወልድ ሐኪሟ ያለችውን በስልክ ያስተረጎሙላት እሳቸው ናቸው። አሁን የመርሳት በሽታው መጀመሪያ የወሰደባቸው ያንኑ ሆላንድኛ ነው። በመጨረሻ የገባው ቋንቋ ቀድሞ ወጣ፤ የቀረላቸው አማርኛው ብቻ ሆነ።

ክፍላቸው ንጹሕ ነበር፤ መስኮቱ ላይ አበባ አለ። ሽታው ግን በሩ ላይ ተቀበላቸው። አቶ ዘገየ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የሸሚዛቸው አንገት ጠቁሮ፣ ጥፍራቸው ረዝሟል። የትነበርሽን ሲያዩ ደስ አላቸው እንጂ ማን እንደሆነች አላወቋትም።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

ልትመልስላቸው ስትል በሩ ተንኳኳ። ወጣት ተንከባካቢ አንገቷን አስገብታ ፈገግ አለች፤ በሆላንድኛ በዝግታ፣ «እንታጠብ ወይ አቶ ዘገየ?» ብላ ፎጣውን አሳየቻቸው።

አቶ ዘገየ ፊታቸው በራ። «ነይ!» አሏት። «ነይ፣ ነይ!» መዳፋቸውን ወደ መሬት ደፍተው ጣቶቻቸውን ወደ ራሳቸው እየሳቡ ጠሯት።

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። «እሺ፣ ይሁን፣ በኋላ» አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

የትነበርሽ ቃሉን በልቧ ደገመችው። ከዚያ ገባት። በሆላንድኛ «ኔይ» ማለት «አይ፣ እምቢ» ነው። ሰውዬው «ነይ» እያሉ ሲጠሩ፣ ልጅቷ የምትሰማው እምቢታ ነው። የእጃቸውም ምልክት ለዚህ አገር ሰው «ሂጂልኝ» ማለት ነው።

አቶ ዘገየ የተዘጋውን በር እያዩ፣ «አየሽ፣ ትሄዳለች» አሉ። «ምን እንዳጠፋሁ አልነገሩኝም።»

የትነበርሽ እየሮጠች ወጥታ ልጅቷን ኮሪደሩ ላይ ያዘቻት። ልጅቷ ክፉ አልነበረችም። ስትሰማ ፊቷ ቀላ፤ ግድግዳውን ተደገፈች። «ያለ ፈቃዳቸው መንካት ክልክል ነው» አለች። «አክብረናቸው እኮ ነው!» የዕለት ማስታወሻውን ከፈተችላቸው። ኤልናታን እያገላበጠ አነበበው። ማክሰኞ፦ ተጠየቁ፣ እምቢ አሉ። ረቡዕ፦ ተጠየቁ፣ በእጃቸው አባረሩን። ሐሙስ፦ እምቢ። አስራ ዘጠኝ ቀን። ከአራተኛው ቀን በኋላ ማንበቡን ትቶ በዓይኑ ብቻ ሄደበት።

አቶ ዘገየን የትነበርሽና ልጅቷ አብረው አጠቧቸው። ሙቅ ውሃው ጀርባቸው ላይ ሲወርድ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ተመስገን፣ ተመስገን» ይሉ ነበር። የትነበርሽ ጎንበስ ብላ እግራቸውን ስታጥብ ጉልበቷ ቀጥ አለ፤ ልጅቷ ደግፋ አነሳቻት።

ትራሙ ላይ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ማም» አለ ኤልናታን። «እንደዚህ ያሉ ስንት ይኖራሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«የእኛ ሰዎች ብቻ አይደሉም። ሶማሌው አለ፣ የኬፕ ቨርዴው አለ፣ ቱርኩ አለ።»

«አሁን ደግሞ ገበያ ታየህ?» አለች ዞር ብላ።

«አይ፣ ማም። አይደለም።» ዓይኑ ቀልቶ ስታይ ተጸጸተች፤ እጁን ያዘችው።

ክፍሉ ሲመለሱ አቶ መንግስተኣብ ለሰኞ ሁለት ሰው አግኝተዋል፤ ሦስተኛው ቤት ራሳቸው ሊሄዱ ወስነዋል። የትነበርሽ የሆነውን ነገረቻቸው። ከዚያ ብዕሩን ከኤልናታን እጅ ወሰደች፤ የሱን ዓረፍተ ነገር ሰረዘችና ከሥሩ በአማርኛ ጻፈች፦

«በ2050፣ በዚህ አገር ያረጀ ማንም ሰው፣ ከየትም ይምጣ፣ የቀረለትን ቋንቋ የሚሰማ ሰው ሳያገኝ አንድ ቀን አያድርም።»

አቶ መንግስተኣብ መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ ብለው አነበቡ። «ይሄ አይሆንም» አሉ።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ስንት ቋንቋ አለን? አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ የሚችሉ ሁለት ልጆች። በቃ።»

«አውቃለሁ።»

«ሲደርስ እኔ አልኖርም። አንቺም መኖርሽን እንጃ።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«ደከመኝ ብለሽ አልነበር?»

«አሁንም ደክሞኛል፤ ነገም ይደክመኛል» አለች ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «ለአቶ ዘገየ ቢሆን ይደክመኝ። ትልቁ ለመሆን ግን አቅም የለኝም።»

ኤልናታን ወረቀቱን አየ። ጠዋት የለመነው የሚያስፈራ ነገር ነበር፤ አሁን ከፊቱ ቆሟል። «ይሄን የምንል ከሆነ ለዚህ የማይረዳ ሥራ መተው አለብን» አለ። «ጽዳቱን።»

ጽዳቱን የሚሠሩት አስራ አንድ ሰዎች ነበሩ። አቶ መንግስተኣብ አስራ አንዱንም በስም ያውቃሉ። ያን ቀን ይህን ጉዳይ ሳይጨርሱት ተለያዩ።

በወሩ መጨረሻ ለገዢው ኩባንያ ዓረፍተ ነገሩን ጨምረው «አንሸጥም» ብለው መለሱ። ሰዎቹ በአክብሮት፣ ዓረፍተ ነገሩ የሚያምር ነገር ግን የመንግሥት ሥራ እንደሆነ ጻፉላቸው። ከጽዳት ሠራተኞቹ አራቱ ሠልጥነው ወደ እንክብካቤው ገቡ፤ ሰባቱ ሄዱ። ሲሄዱ አንዷ የትነበርሽን ሰላም አላለቻትም፤ የትነበርሽም አልፈረደችባት። የአቶ ዘገየ መጦሪያ በሳምንት ሁለት ቀን አማርኛ የሚችል ሰው እንዲመጣ ተስማማ። ሌላ አንድ መጦሪያ ተከተለ፤ ሦስተኛው ጀምሮ ተወው። ኤልናታን የአምስተርዳም ሥራውን ወደ ሦስት ቀን አሳጥሮ፣ ሁለቱን ቀን ካፔለ እየመጣ የተናጋሪዎችን ዝርዝር ማሰባሰብ ያዘ።

አቶ ዘገየ በመጋቢት፣ አንድ እሁድ ጠዋት ሞቱ። ቀኑ የምርኩዝ ሰው የሚሄድበት አልነበረም። ሐምራዊት በመንገድ ላይ ነበረች። የመጨረሻ ቃላቸው ምን እንደነበር የሚያውቅ የለም፤ ተንከባካቢዋ አንድ ነገር ብለዋል አለች እንጂ ልትደግመው አልቻለችም። ከቀብር መልስ የትነበርሽ ቢሮ ገብታ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ልትቀድደው እጇን ሰደደች። አቶ መንግስተኣብ በር ላይ ቆመው ነበር።

«ተይው» አሏት። «ዘንድሮ እናደርገዋለን አይልም።»

አቶ መንግስተኣብ በመስከረም ጡረታ ወጡ። በኅዳር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አምስተርዳም ኒው ዌስት ሰፈር ካለ መጦሪያ ስልክ መጣ። ምርኩዝን ያወቁት ኤልናታን በበተነው ማስታወቂያ ነው። አንዲት ኤርትራዊት አሮጊት ይጮኻሉ፤ የትግርኛ አስተርጓሚ በስልክ ቢያገናኙም አልተግባቡም። የትነበርሽ «ስልኩን ለእሳቸው ስጧቸው» አለች። አዳመጠች። አንድም ቃል አልገባትም። ድምፁን ቀድታ ለአቶ መንግስተኣብ ቤታቸው ላከችላቸው።

ወዲያው ደወሉ። «ይሄ ብሌን ነው፣ የከረን አካባቢ ሰዎች ቋንቋ። እኔ አልችለውም። ግን ሮተርዳም ውስጥ ኣንገሶም የሚባል የከረን ሰው አውቃለሁ፤ ካልሞተ።»

አልሞቱም፤ ስልካቸው ግን ተዘግቶ ነበር። የተገኙት በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። አሮጊቷ ሌሊቱን እንደዚያው አድረዋል። ኤልናታን በጥሪዎቹ መዝገብ ላይ ምን ብሎ እንደሚጽፍ እናቱን ጠየቃት።

«የሚሰማቸው ሳያገኙ አደሩ ብለህ ጻፍ» አለችው። «እንዳለ ጻፈው።»

ኣንገሶም በባቡር አምስተርዳም ሄደው፣ ወደ ማታ ላይ ደወሉላት።

«እንዴት ሆነ? ምን ፈልገው ነው የሚጮኹት?» አለች የትነበርሽ።

«ምንም» አሉ ሰውዬው። «ስለ ከረን ገበያ ነው የምታወራኝ። የፍየል ዋጋ ጠየቀችኝ፤ እኔም ውሸቴን ነገርኳት። ነገም እሄዳለሁ፤ እስከዚያው አንድ ዋጋ አስቤ ልቆይ።»

የትነበርሽ ስልኩን ዘግታ ጫማዋን አወለቀች። ለማግስቱ ጠዋት አንድ ቤት የሚሄድ ሰው ገና አላገኘችም ነበር። ትንሽ ልረፍ ብላ ራሷን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች፤ ኤልናታን መብራቱን ሳያጠፋ የቀረውን ሰው ሊፈልግ ሮስተሩን ከፊቷ ቀስ አድርጎ ወሰደው።