የአሜን ቦታ

“ሞጁሉ አልተገኘም” አለ የላፕቶፑ ጥቁር መስኮት፣ ለአራተኛ ጊዜ።

ሙህሲን ትዕዛዙን ፊደል በፊደል እያየ እንደገና ጻፈው። መልሱ ያው ነው። የስልክ መጠገኛ ሱቁ መዝጊያ እስከ ግማሽ ወርዷል፤ ከዙሁር ሶላት በኋላ በሳዑዲዋ አቡ ዓሪሽ ከተማ ውስጥ የሚሰማው የአየር ማቀዝቀዣ ጉርምርምታ ብቻ ነው። አሠሪው፣ ሙዲሩ፣ ምሳውን በልቶ ተኝቶ እስኪነቃ ድረስ ሱቁ የሙህሲን ነው። ሆዳቸው በተከፈተ ስልኮች መሃል የራሱ አሮጌ ላፕቶፕ ተቀምጧል፤ ጎኑ ላይ ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ ተሰክታለች።

በመዝጊያው ስር አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ገባች። የክሊኒክ ፅዳት ሠራተኞችን ሰማያዊ ልብስ እንደለበሰች ነው።

“ያላ ሙሄ! አባቴን አመጣህልኝ?”

“ትንሽ ይታገሡኝ፣ እትዬ ዙበይዳ።”

“ትዕግሥቱስ ነበረኝ፤ ሰዓቱ ነው የሌለኝ። አሥር ሰዓት ላይ ሙሽራዋ ትወጣለች። አገር ቤት ቢስቲማ ላይ ዳሱ ሞልቶ ሁሉም እኔን ይጠብቃል።”

ሙሽራዋ ሱአድ ናት፣ የዙበይዳ ልጅ። ዙበይዳ ለሥራ ወደዚህ አገር ከመጣች ወዲህ ልጅቷን ያሳደጓት አያቷ ሼህ እንድሪስ ናቸው። በየጁምዓው ሲደዋወሉ ዙበይዳ የአባቷን ንግግር በአንድ ፕሮግራም ትቀዳው ነበር። አምና ሊሞቱ ሲሉ፣ “የልጅቷን ሠርግ አልደርስበት ይሆናል፤ ምርቃቴን ከአሁኑ ያዥልኝ” ብለው መረቁ። ሱአድም ዛሬ “የአባባን ምርቃት ሳልሰማ እግሬ ከደጃፍ አይወጣም” ብላለች። የዙበይዳ ስልክ ግን መወልወያ ባልዲ ውስጥ ወድቆ ሞቷል። የተረፈችው ካርዷ ብቻ ናት። ካርዷ ላይ ያለውን ድምፅ ደግሞ ያ የድሮ ፕሮግራም ካልሆነ ሌላ አይከፍተውም፤ ፕሮግራሙንም አዲስ ስልክ ሁሉ ጊዜው አልፎበታል እያለ ይመልሰዋል።

ሙህሲን ላፕቶፑ ውስጥ እንደ ድሮ ስልክ የሚሠራ ነገር ስለጫነ ማክሰኞ ዕለት ፕሮግራሙ እዚያ ተከፍቶ ሁለቱም አይተውት ነበር፤ ካርዷን ግን ዙበይዳ ያቀበለችው ዛሬ ጠዋት ነው።

“ማክሰኞ ይሠራ አልነበር? ምን ነካው?”

“የነካሁትስ እኔው ነኝ” አለ አንገቱን ደፍቶ። “እርስዎ ይመጣሉ ብዬ ትናንት አዳዲሱን ሁሉ ጫንኩለት። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረግ የለ?”

“ጠርገህ ጠርገህ ወርቁንም አብረህ ደፋኸው በለኛ!”

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። “ይኸውልዎ፣ ላፕቶፑ የስልክ ቋንቋ አይገባውም። ከርነል የሚባል አለቃ አለው። አለቃውና የስልኩ ፕሮግራም የሚግባቡት ሞጁል በሚባል አስተርጓሚ ነው። ትናንት አዲስ አለቃ መጣ፤ አስተርጓሚው ግን ከድሮው ጋር ቀረ።”

“ይሄማ ይገባኛል! ሐበሻ ታሞ ሲመጣ ሐኪሙ መጥረጊያዬን አስጥሎ ‘ያ ዙበይዳ፣ ምን እያለ ነው?’ ይለኛል። እኔ የሌለሁ ቀን ሆዱን ያመመውን ዓይኑን ነው የሚያዩለት።” በርጩማ ስባ ተቀመጠች። “ታዲያ አዲሱ ካልሆነ የድሮውን አለቃ ጥራዋ!”

ሙህሲን እጁን ከቁልፎቹ አነሳ። ከጠዋት ጀምሮ ለአዲሱ አለቃ አዲስ አስተርጓሚ ሊሠራ ሲታገል ነው የዋለው። ላፕቶፑን አጥፍቶ አስነሳው፤ ገና ሲነሳ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ዝርዝሩን አወጣ። ሁለት መስመር ነው። ከላይ አዲሱ ከርነል፣ ከታች የድሮው። የድሮው አልጠፋም ነበር። አንድ ጊዜ ወደ ታች፣ ከዚያ እሺ ማለት ብቻ።

ጣቱ ግን ቁልፉ ላይ ሳይደርስ ቆመ።

የዙበይዳ አዲስ ስልክ ጮኸ። ከድምፅ ማጉያው የከበሮ ድምፅ ቀድሞ ወጣ፤ ተከትሎም ሱአድ።

“እምዬ፣ ተገኘ?”

“ሙሄ እየሠራው ነው።”

“የትኛው ሙሄ? የኛው ሙህሲን?” ከበሮው ራቀ፤ ወደ ጓዳ ገብታለች መሰል። “ደኅና ነው? ካልተቻለ ንገሩኝ። ሽማግሌዎቹ ቢቆጡም ቀኑ ይገፋል እንጂ እንዲሁ አልወጣም።”

“እስኪ ዝም በይ፣ ልጁን አታስደንግጭው” ብላ ዘጋችው።

ሙህሲን ከዝርዝሩ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። አሥረኛ ክፍል እያሉ ሱአድ የምትቀመጠው ፊቱ ነበር። ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መምህሩ አይሰማም፤ እሷ ዞር ብላ ደብተሯን እሱ ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋለታለች፣ ይገለብጣል። እስከ ዛሬ ከዝናብ ሽታ ጋር የሚመጣበት የደብተሯ ጠርዝ ነው፤ አቡ ዓሪሽ ደግሞ ዝናብ ብርቅ ነው። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ይስተካከል እንጂ ሽማግሌ እልካለሁ ሲል ስድስት ዓመት ሄደ። ኢቃማውም ተስተካከለ። ሽማግሌ የላከው ግን የኮምቦልቻ ሰው ነው።

ኸላስ፣ አልሆነም ቢል ማን ያውቅበታል? ቀኑ ይገፋል። አንድ ሳምንት፣ ምናልባትም ሁለት። በስድስት ዓመት ያልላከውን ሽማግሌ በአንድ ሳምንት ሊልክ? ይህን እያወቀም ሳምንቱን ተመኘው።

“ሙሄ፣ ፊትህ ላብ በላብ ሆነኮ። ውኃ ልስጥህ?”

“አልፈልግም። አሁን ይነሳል።”

አንድ ጊዜ ወደ ታች ተጭኖ እሺ አለው።

ላፕቶፑ ቀስ ብሎ ተነሳ። ትዕዛዙን ሲጽፍ ጥቁሩ መስኮት አልተቃወመውም። የስልኩ ገጽ በራ፤ ፕሮግራሙም ተከፈተ። ፕሮግራሙ ድምፁን ያስደምጣል እንጂ ወደ ሌላ ስልክ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ዙበይዳ ስልኳን ለመቅዳት አዘጋጅታ የላፕቶፑ ድምፅ ማጉያ አጠገብ ያዘችው።

“ልጄ ሱአድ” አሉ ሼህ እንድሪስ፤ ትንፋሻቸው አጭር ነው። “ቤትሽ ከእንግዳ አይራቅ።”

ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ሽማግሌው ለአሜን ቦታ ትተው ነው። ፕሮግራሙ የእሳቸውን እንጂ የዙበይዳን ድምፅ ስላልያዘ ቦታው ባዶውን ቀርቷል።

“አሜን” አለች ዙበይዳ ብቻዋን። ወዲያው ቀረጻውን አቆመችው። “አንተ ለምን ዝም አልክ?”

“ድምፄ ይገባል ብዬ ነው።”

“ይግባ እንጂ! የአንድ ሰው አሜን ምርቃት አያነሳም። የጎረቤት ልጅ አይደለህ? እንደገና ከመጀመሪያው።”

እንደገና ጀመሩ። ለእንግዳው ሁለቱም አሜን ያሉ መሰለ፤ እሱ ከንፈሩን ብቻ ነበር ያንቀሳቀሰው። ለልጆቹ አሜን፣ ለከብቱ አሜን ተባለ።

“የሚወስድሽ” አሉ ሼሁ፣ አየር ለመሳብ ቆም ብለው፣ “የሚያውቅሽ ይሁን።”

ዙበይዳ አፏን ከፈተች፤ ዕንባ ቀደማትና በሻሽዋ ጫፍ አፈነችው። ቦታው ባዶውን እየሄደ ነው። ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ።

ሙህሲን ስልኩን ከእጇ ወስዶ ወደ አፉ አስጠጋው።

“አሜን” አለ፣ ቢስቲማ ዳስ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ።